ጆሮ የሚያውቀውን አፍም እንዲያውቀው፦ ለአስተርጓሚዎች የእንግሊዝኛ ንግግር ልምምድ

ዓመታት ያስተረጎመ ሰው እንግሊዝኛ መስማት አይቸግረውም። ዜናው ይገባዋል፣ ውሉን ያነባል፣ በስብሰባ የሚባለው አያመልጠውም። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን አፉ ይያዛል። የሚያውቀው ቃል የሚመጣለት ተናጋሪው ሌላ ነገር ከጀመረ በኋላ ነው። ብዙዎች ይህን የቃላት እጥረት አድርገው ይወስዱትና መዝገበ ቃላት ይዘው ይቀመጣሉ። ቃልን ሲያዩት ማወቅና ሲፈልጉት ማግኘት ግን የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ሁለተኛው አፍን በጥድፊያ ውስጥ በማሠራት እንጂ በንባብ አይመጣም።

በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጉባኤ አስተርጓሚዎች ማኅበር፣ ኤአይአይሲ፣ የአስተርጓሚን ቋንቋዎች በሦስት ይከፍላል። «ኤ» አፍ የፈታበት ነው። «ቢ» አፍ ባይፈታበትም ወደ እሱ አቀላጥፎ የሚያስተረጉመው ነው። «ሲ» ደግሞ ሰምቶ በደንብ የሚረዳው፣ ወደ እሱ ግን የማያስተረጉመው ነው። የብዙዎቻችን ችግር በዚህ ሚዛን «ሲ» የሆነውን እንግሊዝኛ «ቢ» ብለን ማቅረባችን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከ«ሲ» ወደ «ቢ» ለመሻገር የሚሠራ ሥራ ነው።

መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ። ከዚህ በፊት ያልሰማችሁትን የአምስት ደቂቃ የአማርኛ ንግግር ምረጡ፤ ከወረቀት የሚነበብ ሳይሆን ሰው እያሰበ የሚናገረው ይሁን። በአንድ ስልክ እያዳመጣችሁ፣ በየሠላሳ ሰከንዱ ገደማ እያቆማችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፤ በሌላ ስልክ ራሳችሁን ቅረጹ። ስትሳሳቱ አትመለሱ፣ አታጥፉ። በማግስቱ ከቅጂው ሁለቱን ደቂቃ ቃል በቃል ጻፉት፤ «እ...» ያላችሁበትም፣ ጀምራችሁ የተዋችሁትም ሳይቀር። በማግስቱ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያው ቀን ጆሮ የሚሰማው ሊሉ ያሰቡትን እንጂ ያሉትን አይደለም። ከዚያ አራት ነገር ቁጠሩ፦ ስንት ጊዜ «እ...» ወይም «ዩ ኖው» አላችሁ፣ ስንት ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ሌላ ጀመራችሁ፣ ስንቱ ሳይዘጋ ቀረ፣ ስንት ቁጥርና ስም ጠፋ። የቅላጼ ጉዳይ አይቆጠርም። ከአራቱ የበዛው የወሩ ሥራችሁ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚቀረጸው ልምምድ ብቻ ነው። እውነተኛ ሥራ፣ የታካሚም ሆነ የባለጉዳይ ቃል፣ «ለመማር ነው» ተብሎ በግል ስልክ አይቀረጽም።

ስለ ቅላጼ ሰዎች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። አስተርጓሚን የሚያስቸግረው ቅላጼው አይደለም፤ የቃላት ክብደት ነው። አማርኛ ቃልን ከቃል ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ማጥበቅና ማላላት ነው፤ «ይመታል» ሲላላ መቺው ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺው። ክፍለ ቃሎቹ ግን ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው። እንግሊዝኛ በተቃራኒው ከቃሉ አንዱን ክፍል ከፍና ረዘም አድርጎ ሌላውን ይጨፈልቃል። እኛ ሁሉንም እኩል ስንለው ሰሚው፣ በተለይ በስልክ፣ ቃሉን ለመለየት ይደክማል። የሙያችን መጠሪያ ራሱ ምሳሌ ነው፤ «ኢንተርፕሪተር» ክብደቱ «ተር» ላይ ነው፣ «ፕሪ» ላይ አይደለም። «ዲቨሎፕ» ላይ «ቨ» ይከብዳል፤ «ኮሚቲ» ላይ «ሚ»። «ዲተርሚን» «ተር» ላይ ይከብዳል፣ መጨረሻውም «ሚን» እንጂ «ማይን» አይደለም። አንድ ዓይነት ሆሄ ኖሯቸው በክብደት የሚለያዩም አሉ፦ መዝገብ የሆነው «ሬከርድ» ፊቱ ይከብዳል፣ መቅረጽ የሆነው «ሪኮርድ» ኋላው። «ኮንትራክት»፣ «ኦብጀክት» እና «ፐርሚት»ም እንደዚሁ ናቸው። ልምምዱ ቀላል ነው። አሥር ዓረፍተ ነገር ውሰዱ፤ የሚከብዱት ክፍሎች ላይ ብቻ ጠረጴዛውን በጣት ምቱ፣ በሁለት ምት መካከል ያለውን ሁሉ ጨምቃችሁ አሳልፉ። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል።

የቁጥር ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። 13 እና 30፣ 15 እና 50 የሚለዩት በመጨረሻው «ን» ብቻ አይደለም፤ በስልክ «ን» ትጠፋለች። በ«ፊፍቲን» መጨረሻው ይረዝማል፣ ይከብዳልም፤ በ«ፊፍቲ» ፊቱ ይከብዳል፣ መጨረሻው ያጥራል። የመድኃኒት መጠን ሲሆን ይህም አይበቃም፤ ቁጥሩን ከተናገራችሁ በኋላ አኃዝ በአኃዝ፣ «ዋን ፋይቭ» ብላችሁ ድገሙት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች 1,500ን ብዙ ጊዜ «ፊፍቲን ሀንድረድ» ይሉታል፤ «ታውዘንድ» የሚል ቃል የሚጠብቅ አስተርጓሚ 15 ብሎ ይጽፋል። 1985ን «ናይንቲን ኤይቲ ፋይቭ» ይላሉ፤ እኛ «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ...» እያልን ስንተረትር ሰሚው ዓመት መሆኑን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ወደ እንግሊዝኛ ስናዞር ደግሞ ሰዓቱ አለ፦ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» በእንግሊዝኛው «ቱ ኤኤም» ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት እጅ ላይ ካልገባ በድካም ሰዓት ስህተት መፈጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ሃያ የተቀላቀሉ ሰዓቶች ጽፋችሁ፣ ሳታስቡ እስክትሏቸው ድረስ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። የዓመተ ምሕረት ልዩነቱን ግን በቃል ለማስላት አትሞክሩ። ሰባት ነው ስምንት የሚለው በወሩ ይወሰናል፤ የተባለውን ዓመት እንዳለ ብላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጥቀሱ።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ልጨምር። በአሜሪካ አነጋገር የ«ካንት» መጨረሻ «ት» ትዋጣለች፤ ሰሚው አዎንታውን ከአሉታው የሚለየው በአብዛኛው በድምፁ ክብደትና ርዝመት ነው። በፍርድ ቤትና በሆስፒታል «ካኖት» ብትሉ ማንም አይታዘባችሁም፣ ትርጉሙም አይገለበጥም። ሁለተኛው ያለፈ ጊዜ መጨረሻው ነው። በ«ዎርክድ» የሚሰማው «ት» ነው፣ በ«ኮልድ» «ድ»፣ በ«ዎንቲድ» ብቻ ሙሉ «ኢድ»። እኛ ወይ ሳድስ አናባቢ አስገብተን «አስክ-እድ» እንላለን፣ ወይ ጨርሶ እንውጠዋለን። የመጀመሪያው አይጎዳም። ሁለተኛው ግን «እዚያ ሠርቻለሁ» ያለውን ምስክር «እዚያ እሠራለሁ» ያሰኘዋል።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያስተረጉምን ሰው የሚያደክመው ግሱ ነው። አማርኛ ጉዳዩን ሁሉ ደርድሮ ፍርዱን መጨረሻ ላይ ይሰጣል፤ አዎንታና አሉታውም እዚያው ነው። ይህን እዩት፦ «ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት በቀረበው የበጀት ማሻሻያ ላይ ያለውን ተቃውሞ በጽሑፍ እንዲያቀርብ የተሰጠው የጊዜ ገደብ እንዲራዘምለት ጠይቆ ተቀባይነት አላገኘም።» ከ«ኮሚቴው» ተነስቶ በአንድ ትንፋሽ እንግሊዝኛ ለማድረግ የሞከረ መሃል ላይ ይሰምጣል። መውጫው መቆራረጥ ነው፦ «ኤ በጀት አሜንድመንት ዋዝ ፕሮፖዝድ ላስት ዊክ። ዘ ኮሚቲ ሃዝ ኦብጀክሽንስ። ኢት ዋዝ ጊቭን ኤ ዴድላይን ቱ ሰብሚት ዜም ኢን ራይቲንግ። ኢት አስክድ ፎር ሞር ታይም። ዛት ሪኩዌስት ዋዝ ተርንድ ዳውን።» አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው የተዘጉ። «አላገኘም» የሚለው እስኪሰማ ድረስ ፍርድ የሚሰጥ ግስ አልተነገረም፤ ቢያገኝም ባያገኝም የፊተኞቹ አራቱ እውነት ሆነው ይቆያሉ። ቁልፉ ይሄ ነው። (እዚህ ላይ «ፕሮፖዝድ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ቴብልድ» የሚለው በብሪታንያ እንግሊዝኛ ለውይይት ማቅረብ ሲሆን በአሜሪካው ማቆየት ነው፤ ሁለቱም ወገን ካለበት አዳራሽ ባይገባ ይሻላል።)

ከዚህ ጋር የሚሄደው በሽታ የ«ኤንድ» ሰንሰለት ነው። «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ፣ ነግሮኝ» የሚለው በአማርኛ ውብ ነው። በእንግሊዝኛ «ኤንድ... ኤንድ... ኤንድ...» ሲሆን ግን ሰሚው ምን ከምን እንደቀደመ ይጠፋበታል። ቅጂያችሁን ስታዳምጡ «ኤንድ» በተከታታይ ሦስት ጊዜ የመጣበትን ቦታ ፈልጉ፤ ሁለተኛው ላይ ነጥብ አድርጋችሁ እንደገና በሉት።

የሰው መደብ ደግሞ አለ። «መጡ» ሲባል ብዙ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንድ የተከበሩ ወንድ ወይም አንዲት የተከበሩ ሴት ሊሆኑም ይችላሉ። እንግሊዝኛው ወዲያው «ሂ» ወይስ «ሺ» ወይስ «ዜይ» ይላችኋል። አትገምቱ፤ ማዕረጉ ወይም ሥራው ከታወቀ «ዘ ዳይሬክተር» በሉና ቀጥሉ፣ ካልታወቀ ጠይቁ። የተናጋሪውን ንግግር ስለመጥቀስም እንዲሁ። «መኪናው አልነሳም አለ» ሲባል መኪናው እንዳልተናገረ ሁሉም ያውቃል፤ «ዘ ካር ዉድንት ስታርት» ነው። «አልከፍልም አለኝ» ግን ሁለት ፊት አለው፦ በአፉ ብሎት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዝም ብሎ አልከፈለም። «ሂ ሰይድ» ብትሉ ጠበቃው ቀጥሎ «በምን ቃል ነው ያለህ?» ይላል፤ «ሂ ሪፊውዝድ» ብትሉ ቃሉ ይጠፋል። ዐውዱ ካልፈታው ጥያቄው ለተናጋሪው ይመለስ። «እከፍላለሁ አለኝ» እና «ይከፍላል አለኝ»ን ደግሞ «ሂ ሰይድ ሂ ዉድ ፔይ» በሚል አንድ ሳጥን አትክተቱ። ከፋዩ ማን እንደሆነ እንዲለይ የመጀመሪያውን በቀጥታ ጥቅስ፣ ትንሽ ቆም ብላችሁ ድምፃችሁን ለወጥ አድርጋችሁ በሉት፦ «ሂ ሰይድ፣ አይ ዊል ፔይ።» ካልቆማችሁ እከፍላለሁ ያለው ባለጉዳዩ ራሱ ይመስላል።

«ገንዘቡን አልተቀበሉም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በአማርኛ «አዎ» ካለ አልተቀበለም ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ «ዬስ» ብቻ ከተባለ ተቀብሏል ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ትርጉሙ «ኖ፣ አይ ዲድ ኖት» ነው። ሰውዬው «አዎ» ብሎ ዝም ካለና ድምፀቱ ካልለየለት፣ ፈቃድ ጠይቆ ማጣራት ከመገመት ይሻላል። ይህን አስቀድሞ በቃል ያልተለማመደ ሰው አፉ «ዬስ» ይቀድመዋል፤ ስለዚህ አሥር አሉታዊ ጥያቄዎች ጽፋችሁ ጓደኛ እያነበበላችሁ በፍጥነት መልሱ።

ስለ ቃላት፣ ነጠላ ቃል መሰብሰብ ትርፉ ትንሽ ነው። የሚሰበሰበው ጥንድ ነው፣ ስሙ ከግሱ ጋር። በአማርኛ ውሳኔ እንሰጣለን፣ በእንግሊዝኛ «ሜክ» ነው። ትኩረት እንሰጣለን፣ እነሱ «ፔይ» ይላሉ። ወንጀል «ኮሚት» ይደረጋል፤ ክስም ይግባኝም «ፋይል» ይደረጋል። ደብተሩን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ የአማርኛው ሐረግ፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። በቀን አምስት ጥንድ ይበቃል፤ እያንዳንዱን በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ጮክ ብላችሁ በዓረፍተ ነገር በሉት። ከዚያ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሰባተኛው ቀን ቀኙን ሸፍናችሁ ግራውን ብቻ አንብቡ። ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀባችሁ ገና የእናንተ አይደለም፣ ወደ መጀመሪያው ይመለስ።

የሕክምና አስተርጓሚ ከሆናችሁ የሕመም ቃላትን አስቀድሙ፤ የበሽታውን ስም ሐኪሙ ያውቀዋል፣ የሕመሙን ዓይነት ግን ከእናንተ አፍ ነው የሚሰማው። «ይወጋኛል» «ስታቢንግ» ነው፣ «ያቃጥለኛል» «በርኒንግ»፣ «ይቆረጥመኛል» «ኤኪንግ»፣ «ይጠዘጥዘኛል» «ትሮቢንግ»፣ «ይነዝረኛል» «ሹቲንግ»፣ «ደንዝዞኛል» «ነም»። ሁሉንም «ፔይን» ብሎ ማለፍ ለሐኪሙ ምንም አለማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምምድ። ተናጋሪን እንደ ጥላ እየተከተሉ በዚያው ቋንቋ መድገም በብዙ ሥልጠና ይሰጣል፤ ዜማና ፍጥነት ያስተካክላል፣ ከዚያ ያለፈ ግን አይሠራም። በቀን ከአሥር ደቂቃ አትለፉ፤ ሲረዝም አፍ ይደግማል፣ አእምሮ ይተኛል። ለማጣራት ስትጨርሱ ሦስት ዋና ነጥቦችን በአማርኛ ተናገሩ። ካልቻላችሁ የደገማችሁት ድምፅ ነበር። ለቅጽበታዊ ትርጉም፣ ማለትም ተናጋሪው ሳያቆም አብሮት ለሚሄደው፣ የሚመች ንግግር በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ቃል ያለው ነው፤ ተራ የእንግሊዝኛ ወሬ ወደ 150 ይጠጋል፣ ከወረቀት የሚነበብ ደግሞ ፍጥነቱ ሳያንስ ጭብጡ ይወፍራል። የአንድ ደቂቃውን ጽሑፍ አውጥታችሁ ቃላቱን ቁጠሩና ከዝግተኛው ጀምሩ።

ከጥላው የሚበልጠው፣ በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ነው። ሦስት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ቀርታችሁ፣ ተናጋሪው ያለውን በሌላ ቃልና በሌላ አገነባብ ትሉታላችሁ። «ሪጀክትድ» ካለ እናንተ «ተርንድ ዳውን»፤ ረጅም ካደረገው እናንተ ለሁለት ትሰብሩታላችሁ። አማርኛው ስለሌለ የሚጋለጠው እንግሊዝኛችሁ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ያሳፍራል፤ ሁለት ደቂቃ መዝለቅ ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ አማርኛውን ይዛችሁ አንዱን የአምስት ደቂቃ ንግግር ሦስት ጊዜ አስተርጉሙት። መጀመሪያ ሳትዘጋጁ፤ ቀጥሎ የተያዛችሁበትን ቦታ ሁሉ ፈልጋችሁ አስተካክላችሁ፤ ሦስተኛውን በማግስቱ። ሰው በየቀኑ አዲስ ንግግር ይወዳል፣ የሠራ ስለሚመስለው። ነገር ግን በየቀኑ አዲስ ንግግር ላይ የሚደገመው ያው የድሮው ስህተት ነው፤ ቋንቋው የሚገባው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ነው።

ለአርአያ የተባበሩት መንግሥታት ዌብ ቲቪ ጥሩ ነው። ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልዑክ ምረጡና ድምፁን ወደ እንግሊዝኛው ቻናል አዙሩት። እዚያ የምትሰሙት አስተርጓሚ በአብዛኛው አፍ ወደፈታበት ቋንቋ ነው የሚሠራው፤ በከባድ ንግግር ሥር ሆኖ እንዴት አጭር ዓረፍተ ነገር እንደሚመርጥ፣ ሲዘገይ ሳያንገራግር እንዴት እንደሚቆይ፣ መጨረሻውን እንዴት እንደሚዘጋ አድምጡ። በሥራ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲሆን ድምፁ ሲቀየር ከሰማችሁ ባልደረባው ተክቶት ነው። እናንተም በልምምድ ከዚያ በላይ ያለ ዕረፍት አትሂዱ፤ ከድካም በኋላ የሚለመደው ስህተት ነው።

በቃል መያዝ ያለባቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አሉ፣ ምክንያቱም በጭንቀት ሰዓት ከአፍ የሚወጣው «ዋት?» ነው። አስተርጓሚ «አይ» የሚለው በተናጋሪው ስም ነው፤ ስለ ራሱ ሲናገር «ዘ ኢንተርፕሪተር» ይላል። ሲያመልጣችሁ «ዘ ኢንተርፕሪተር ሪኩዌስትስ ኤ ሪፒቲሽን»፤ ቃል ማጣራት ሲያስፈልግ «ሜይ ዘ ኢንተርፕሪተር ክላሪፋይ ኤ ተርም?»፤ የራሳችሁን ስህተት ስታገኙ «ዘ ኢንተርፕሪተር ዉድ ላይክ ቱ ኮሬክት ዘ ሬከርድ»። የመጨረሻዋን ደጋግማችሁ በሉ፤ አፍ ላይ ከሌለች ሰው ስህተቱን አይቶ ያልፋል።

ይህ ሁሉ በቀን አርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይገባል፤ በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ ቅዳሜ ላይ የሚደረግ የአራት ሰዓት ዘመቻ አያስፈልግም። የክብደቱ ምት መግቢያ ይሁን፣ ከሰዓቱ ግማሹ ለሦስት ዙሩ ይዋል፣ ጥንዶቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ። ከሦስት ወር በኋላ ያንን የመጀመሪያውን የአምስት ደቂቃ ንግግር አውጡና እንደገና አስተርጉሙት፣ አራቱንም ቁጠሩ። አንዱን ዙር ጠዋት፣ ሌላውን ከሥራ በኋላ ማታ ቅረጹ፤ ጠዋት የጠፉት «እ...»ዎች ማታ ከተመለሱ፣ የሚቀጥለው ወር ልምምድ ሰዓቱ ማታ ይሁን።